ዊንዶውስ አልነሳም ሲል፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ኮምፒውተሩን ስታበሩ የተለመደው ገጽ አልመጣም። በምትኩ አንድ የሲስተም ፋይል እንደጠፋ ወይም እንደተበላሸ የሚናገር ጥቁር ወይም ሰማያዊ ስክሪን ተደቅኗል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጠፋ የሚባለው ፋይል «ኤንቲኤልዲአር» ነበር፤ ከቪስታ ወዲህ «ቡት ማናጀር» ወይም «ቢሲዲ» ነው። እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቶሎ የሚሰጠው ምክር ያው ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ግን የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት።

መልእክቱ ምን እያለ ነው?

የኮምፒውተር አነሳስ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም (ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ) ዱላውን ለቡት ማናጀር ያቀብላል። ቡት ማናጀር ቢሲዲ ከተባለው መዝገብ ዊንዶውስ የት እንዳለ ያነብባል። ቀጥሎ ጫኚው ከርነሉንና ድራይቨሮችን ወደ ሚሞሪ ያስገባል። ከነዚህ አንዱ ዱላውን ከጣለ ሩጫው ይቆማል። ፎቶዎቻችሁና ሰነዶቻችሁ ግን ሩጫው ውስጥ ስለሌሉ፣ ብዙውን ጊዜ በቦታቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓለም ይህን በግልጽ አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ስህተት ያለበት አንድ ፋይል በማሻሻያ መልክ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተጎዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችም ተሰረዙ። መፍትሔው ግን በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር።

የጥገናው ቅደም ተከተል

1. የተሰካውን ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ሁሉ ንቀሉና እንደገና አስነሱ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ፍላሹ ላይ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

2. ዲስኩ የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ወይም ከመጠን በላይ ከዘገየ ጥገናውን አቁሙ። እየሞተ ያለ ዲስክን ማስመርመር ሞቱን ያፋጥናል። መጀመሪያ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጉ፦ በኡቡንቱ ፍላሽ አስነስታችሁ፣ ወይም ዲስኩን ፈታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ በስልክ ልታገኙት ትችላላችሁ።

3. ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ የጥገና ገጽ ግቡ። ዊንዶውስ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው ገጹ ራሱ ይመጣል። ካልመጣ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሱና «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚለውን ምረጡ። እዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን አስቀድሙ።

4. ካልተሳካ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ክፈቱ። በጥገና ገጹ ላይ የዲስኮቹ ስም ሊቀያየር ስለሚችል፣ ሲ ድራይቭ የምትሉት በእርግጥ ዊንዶውስ ያለበት መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ቼክ ዲስክ የፋይል ሲስተሙን ይጠግናል። ኤስኤፍሲ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ዊንዶውስ ካስቀመጠው ቅጂ ይተካል፤ ከጥገና ገጽ ስታስኬዱት ግን የትኛውን ዊንዶውስ እንደሚመረምር «ኦፍቡትዲር» እና «ኦፍዊንዲር» በሚሉት አማራጮች ንገሩት። ቅጂው ራሱ ከተበላሸ ዲአይኤስኤም ይጠግነዋል። የጠፋው የመነሻ ፋይል ከሆነ ቢሲዲቡት እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ልዩ ማስጠንቀቂያ

በእድር፣ በማኅበርና በምግብ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች አሉ፦ የአባላት ዝርዝር፣ ደብዳቤ፣ የምግብ ዝርዝር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ብዙ ተጽፏል። በነዚህ ሰነዶች ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ኮድ ነው፤ «ሀ»ን «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው።

እነዚህ ፎንቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው «ፎንትስ» እንጂ ሰነዶቹ ጋ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው «ዶክመንትስ»ን ብቻ ኮፒ አድርጎ ፎርማት ሲያደርግ ሰነዱ ይተርፋል፣ ፎንቱ ይጠፋል። የእድሩ መዝገብ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ከፎርማት በፊት «ፎንትስ» ፎልደሩንም ኮፒ አድርጉ፤ የመጻፊያ ሶፍትዌሩ መጫኛ ካለም አስቀምጡት። ከጥገናው በኋላ ደግሞ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው።

ኮምፒውተራችሁ አሁን ደህና ከሆነ ሦስት ነገር ዛሬውኑ ጨርሱ፦ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጁ፤ የቢትሎከር ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሰነዶቻችሁን ከነፎንቶቻቸው ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ዊንዶውስ በአንድ ሰዓት እንደገና ይጫናል፤ የሃያ ዓመት የእድር መዝገብ ግን ከየትም አይወርድም።