ተመስጦና ድምፅ

ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም፤ የመጣውን ድምፅ ሁሉ ይቀበላል። መርጦ የሚያስተውለውና የሚተወው አንጎል ነው። የግድግዳ ሰዓት በተሰቀለበት ክፍል ገብተን ማጥናት ስንጀምር ምቱ ይሰማናል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያለም አይመስለን። ሰዓቱ አልቆመም፤ አንጎላችን ለመደው እንጂ። ታዲያ በተመስጦ ልምምድ አእምሮውን የገራ ሰው ይህን ሥራ ሊለውጠው ይችላልን? ጥያቄው ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል አይደለም፤ ጥናታችን ሁሉ የሚቆመው ልብን በአንድ ነገር ላይ በማሳረፍ ነውና።

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ላይ መመዝገብ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1929 አሳወቀ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲረጋ፥ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ አልፋ የተባለ ሞገድ ይታያል፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ይቋረጣል።

በ1961 በሕንድ አገር አናንድና ባልደረቦቹ ዮጊ የሚባሉትን ባሕታውያን በተመስጦ ላይ ሳሉ ቢመረምሩ፥ ድምፅም ሆነ ብርሃን ሞገዱን አላቋረጠውም። በ1966 ደግሞ በጃፓን ካሳማትሱና ሂራይ በየ15 ሴኮንዱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰሙ። ልምምድ የሌላቸው ሰዎች ቶሎ ለመዱት። የዜን መምህራን ሞገድ ግን በመጨረሻው ድምፅም እንደ መጀመሪያው ለ2 ወይም ለ3 ሴኮንድ ይቋረጥ ነበር። ዮጊው በሩን ዘጋ፤ የዜኑ መነኩሴ እንግዳውን ሁሉ እንደ አዲስ ተቀበለ ማለት ነው። ያኛው ሐሳቡን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፥ ይህኛው የመጣውን ሁሉ ያስተውላልና፥ ትርጓሜው ያማረ ነበር።

ነገር ግን ያማረ ሁሉ እውነት አይሆንም። በ1981 ቤከርና ሻፒሮ የዜን፥ የዮጋና የሌላ ዓይነት ተመስጦ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ልምድ ከሌላቸው ጋር አስተያይተው ሲፈትኑ፥ ሁሉም ድምፁን በተመሳሳይ መንገድ ለመዱት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መለኪያ ተያዘ። አንድ ዓይነት ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ልዩ ድምፅ ጣልቃ ቢገባ፥ ሰውየው ልብ ባይለውም እንኳ አንጎሉ ከሴኮንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ መልስ ይሰጣል። በ2007 ስሪኒቫሳንና ባይጃል፥ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይህ መልስ በርትቶ አገኙት። በ2009 ደግሞ ካንና ፖሊች ቪፓሳና በተባለው ተመስጦ ላይ ያሉ ሰዎች ሐሳብን ለሚሰርቅ ድምፅ የሚሰጡት ሌላ የአንጎል መልስ እንደሚቀንስ ጻፉ።

እንግዲህ ምን እንላለን? ተመስጦ ጆሮን አይደፍንም፤ ተአምርም አይሠራም። እስካሁን በታየው መጠን የሚለወጠው አንጎል ለተሰማው ድምፅ የሚሰጠው ግምት ነው፤ የተፈተኑትም ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ተመስጦን እንደ ፍቱን መድኃኒት ለሚሰብከን ሁሉ «በምን ተለካ? ሌላ ሰው ደግሞ ሲሞክረው ተገኘን?» ብለን እንጠይቅ። የ1966ቱን ውጤት እንደገና ያስመረመረው ይኸው ጥያቄ ነው።