ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በፖቶማክ ወንዝ ዳር

ሐኪሟ የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች። 152 በ94። "በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጠህ ትውላለህ?" አለችኝ። የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ምን ልበላት? መድኃኒት አዘዘችልኝና በእግሬ እንድንቀሳቀስ መከረችኝ። ማታ ለ16 ዓመቷ ልጄ ስነግራት፣ "እሺ አባዬ፣ ግማሽ ማራቶን አብረን እንሩጥ" አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱ የ14 ሳምንት ፕሮግራም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሐኪሟንም ጠየቅናት፤ "ቀስ ብላችሁ ከሆነ ይቻላል" አለች።

ይህቺ "ቀስ ብላችሁ" የምትባል ነገር ለእኔ ከባድ ነበረች። እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ መሆናችንን የሰማ ሁሉ፣ "ታዲያ ሯጭ ናችኋ!" ይለናል። እናንተም በትምህርት ቤት ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ጥፋቱ የነኃይሌ ነው። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚህ ርቀት ስትወዳደር ያ የመጀመሪያዋ ነበር! በ2024 ደግሞ ዮሚፍ ቀጀልቻ እዚያው ከተማ በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገባ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። የእኛ ዕቅድ ግን አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ መሮጥ ነበር። ይህም ሶምሶማ ይባላል፤ ከእርምጃ የፈጠነ፣ ከሩጫ የዘገየ።

በሳምንት ሦስት ቀን እንሮጣለን፤ ቅዳሜ ረጅሙ ነው። ከ5 ኪሎ ሜትር ጀምረን በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርን 18 ደረስን። ፍጥነታችን ልክ መሆኑን የምናውቀው በወሬ ነበር። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ካቃተ በዝቷል። እኔ አንድ ሕግ ጨመርኩ፤ ወሬው በአማርኛ ይሁን አልኩ። ልጄ መጀመሪያ አኮረፈች። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ብላ ታመልጣለች፤ በአማርኛ ግን ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ትንፋሽ መቆጠብ ያስፈልጋል። በስድስተኛው ሳምንት ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ሒሳብ ፈተናዋ፣ እቤት ነግራኝ ስለማታውቀው ነገር ሁሉ ታወራኝ ጀመር። ፊት ለፊት ስላልተያየን ይሆናል።

የመረጥነው መንገድ ቨርጂኒያ ውስጥ በፖቶማክ ዳር የሚሄደው የማውንት ቨርነን መንገድ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ተነስተን ወደ ሰሜን፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ለመሮጥ ወሰንን። መነሻው አካባቢ ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው። የእንጨት ድልድዮቹ ጤዛ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። ብስክሌተኞች በግራ በኩል ስለሚያልፉ ቀኝን መያዝ ይገባል።

በቀኑ ጠዋት ደረቱ ላይ "ኢትዮጵያ" የሚል ቢጫ ካናቴራ ለበስኩ። ስህተቱ ከዚያ ጀመረ። ገና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሯጭ ከፊት ለፊት መጣና ካናቴራዬን አይቶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። እግሬ ሳላዘው ፈጠነ። ልጄ ሰዓቷን አይታ፣ "አባዬ፣ 5:45 ነው! ቀስ በል!" አለች። "ሰውነቴ እስኪሟሟቅ ነው" አልኳት። የማይረባ መልስ ነው፤ ሰው ሊሟሟቅ ሲል ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እሷም ቅዳሜ ትምህርት ቤት የተማረችውን ተረት አጣማ፣ "እንቁላሉ ሮጦ ነው የተሰበረው" አለችኝ። እየሳቅሁ ሮጥኩ።

ረግረጉን፣ ወፎቹን፣ ሸንበቆውን አላየሁም፤ እየፈጠንኩ ነበር። የውድሮው ዊልሰን ድልድይን በሥሩ አልፈን አሌክሳንድሪያ አሮጌው ሰፈር ስንገባ ባቴ ተሸማቀቀ። ጡንቻ የሚያጠራቅመው ስኳር ውስን ነው፤ ሲፈጥኑ ቶሎ ያልቃል። እኔም ያለኝን ቁልቁለቱ ላይ ጨርሼዋለሁ።

"አባዬ፣ ደህና ነህ?"

"እኔማ... በጣም... ደህና..."

"ግሱስ?" አለች።

ግሱ ጋ መድረስ አልቻልኩም። ቆምኩ። እሷም ቆመች። "አንቺ ቀጥይ፤ ሰዓትሽ ይበላሻል" አልኳት፤ ሰዓቷን አጥፍታ ኪሷ ከተተች። ለኮራሁበት ሳይሆን ለእሷ አዘንኩ፤ 14 ሳምንት የለፋችው ለዚህ አልነበረም። ከወገቤ ቦርሳ የበሶ ጭብጦ አውጥቼ ተካፈልን። ለወትሮው "አቧራ አቧራ ይላል" የምትለውን ጭብጦ ሙሉ በሙሉ በላችው። ውኃ ጠጣን፣ አሥር ደቂቃ ተራመድን፣ ከዚያ እንደገና ሶምሶማ።

የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሮጥነው በእሷ ፍጥነት ነው። ሐሳቧ ነርስ መሆን እንደሆነና እናቷ ሐኪም እንድትሆን ስለምትፈልግ ፈርታ ዝም እንዳለች የነገረችኝ እዚያ ነው። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላስገባችም። እኔ ለመመለስ ትንፋሽ ስላልነበረኝ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ 21 ኪሎ ሜትሩ ሞላ፤ አንድ አውሮፕላን በዝቅታ ሲያልፍ ወሬዋን አቋረጠው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወስዶብናል፤ ስንት ደቂቃ በላይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ወር ግፊቴ 138 በ86 ነበር፤ መድኃኒቱን ግን አሁንም እውጣለሁ። ልጄ አዲስ ፕሮግራም ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። ከታች በራሷ የአማርኛ ጽሕፈት "ቢጫ ካናቴራ ክልክል ነው" ይላል። ስለ ነርስነቱ ለእናቷ የምንነግራት እሑድ ነው፤ በእግር እየሄድን።