ስለ ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማራገቢያ፤ ሕማሙም እንዴት እንደሚመረመር

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን አካባቢ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድም፥ የወራቱ ቁርና ሐሩር ጽኑ ስለሆነ፥ የቤቱን አየር እንደ ጊዜው የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ከቤቱ አካላት እንደ አንዱ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በምድር ቤት ወይም በጣራ ሥር ኅቡእ ሆኖ ስለሚሠራ፥ እስኪታወክ ድረስ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ሙቀቱንም ሆነ ቅዝቃዜውን ለየክፍሉ የሚያድለው አንዱ ማራገቢያ ነውና፥ እርሱ የቆመ ዕለት ሌላው ሁሉ ደኅና ቢሆንም ጥቅም አይሰጥም።

በመሣሪያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ኃይል ይመላለሳል፤ አንደኛው ሞተሩን የሚያዞረው የ120 ወይም የ240 ቮልት ኃይል ሲሆን፥ ሁለተኛው ትራንስፎርመር አሳንሶ የሚሰጠው፥ ትእዛዝ ብቻ የሚያደርሰው የ24 ቮልት ኃይል ነው። በግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ማራገቢያው እንዲነሣ ሲያዝ፥ «አር» ከሚባለው ሽቦ የመጣውን ኃይል እንደ ልማድ አረንጓዴ ወደሆነው ወደ «ጂ» ሽቦ ያሳልፈዋል፤ ያን ጊዜም ሪሌ የሚባለው ማብሪያ ተስቦ ታላቁን ኃይል ለሞተሩ ይለቅለታል።

እንግዲህ የብልሽቱን መንሥኤ የሚፈልግ ሰው የኃይሉን መንገድ ከምንጩ ጀምሮ በሥርዓት ይከተል እንጂ፥ ሞተሩ ስላልዞረ ብቻ በሞተሩ ላይ አይፍረድ። አስቀድሞ ብሬከሩን፥ ቀጥሎም የመሣሪያውን መዝጊያ ይመልከት፤ መዝጊያው በሚገባ ካልተገጠመ፥ ከሥሩ ያለችው የደኅንነት ማብሪያ ኃይሉን ሁሉ ትቆርጣለችና፥ ማጣሪያ ለውጦ መዝጊያውን አላልቶ የተወ ሰው መሣሪያው የሞተ ይመስለዋል። ከዚህ በኋላ ቴርሞስታቱን ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» ቢያዞረውና ማራገቢያው ቢነሣ፥ ሞተሩም የትእዛዙም መሥመር ደኅና መሆናቸውን ያውቃል።

ካልተነሣ ግን በመቆጣጠሪያው ቦርድ ላይ ያለችው፥ የመኪና ፊውዝ የምትመስለው የ3 ወይም የ5 አምፔር ፊውዝ ተቃጥላ እንደሆነ ይመርመር። አዲሲቱም ወዲያው ብትቃጠል ጥፋቱ የፊውዟ አይደለም፤ የ24 ቮልቱ ሽቦ በአንድ ስፍራ ልባሱ ተገፎ ተነካክቶ ይሆናል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፀሐይና አይጥ በሚያገኙት ከቤቱ ውጭ በሚቆመው የማቀዝቀዣው ክፍል አጠገብ ነው። ፊውዟ እንዳትቃጠል ብሎ ከልኩ የበለጠች መትከል ትራንስፎርመሩን መግደል ነው።

ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይዞር ሲቀር፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሞተሩ እንዲነሣ የሚረዳው ካፓሲተር ነው። ልኩ በማይክሮፋራድ በጎኑ ተጽፎ ይገኛል፤ አናቱ ካበጠ ወይም ሲለካ ከተጻፈው እጅግ ካነሰ መለወጥ አለበት፤ ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ዕቃ አይገኝም። ማራገቢያው ሳያቋርጥ እየነፈሰ ሙቀቱ ሲጠፋ ደግሞ፥ ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ የሙቀት መጠን ጠባቂው እሳቱን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ስለ አደጋው ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ በውስጡ ያጠራቀመውን ይዞ ስለሚቆይ፥ ብሬከሩን አጥፍቻለሁ ብሎ በባዶ እጅ የሚነካው ሰው ሊመታ ይችላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ብሬከሩን፥ መዝጊያውንና ማጣሪያውን ራስህ ተመልከት፤ ከዚያ ያለፈውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተው፤ እርሱም ሞተሩ ይለወጥ ቢልህ፥ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት የካፓሲተሩን ልክ በፊትህ ለክቶ እንዲያሳይህ ጠይቀው።