ማሲንቆ ተጫዋቹም ማሳ ያስፈልገዋል

በገጠር ሠርግ ሲደገስ ጠላው የሚጠመቀው፣ ሰንጋው የሚገዛው፣ ዳሱ የሚጣለው አስቀድሞ ታስቦበት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ድግሱን የሚያደምቀው እርሱ ነው። በትግራይ ጭራ ዋጣ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ደግሞ ማሲንቆ የሚባለውን ባለአንድ ጭራ መሣሪያ ይዘው ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩት ባለሙያዎች ኑሯቸው ምን ይመስላል? የገበሬ ማኅበር መሪዎችስ ስለ እነርሱ ምን ሊያስቡ ይገባል?

ከገበሬው ደጅ የተገኘ መሣሪያ

ማሲንቆን ለመሥራት ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። ገበቴው ከአገር እንጨት ይጠረባል፤ በፍየል ቆዳ ይለበጣል። የሚመታው ጭራም ሆነ በደጋኑ ላይ የሚወጠረው ከፈረስ ጅራት የተገኘ ነው። ደጋኑ ጭራውን ይዞ ድምፅ እንዲያወጣ የዛፍ ሙጫ ይቀባል። ተጫዋቹ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ በጣቶቹ ነካ እያደረገ ዜማውን ያወጣል። በዚህች አንዲት ጭራ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ ለመጫወት የብዙ ዓመታት ልምምድ ያስፈልጋል። ሙያው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከአባት ወደ ልጅ ነው። አዝማሪዎች በመካከላቸው ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው።

ወቅት የሚጠብቅ ገቢ

የማሲንቆ ተጫዋች ገቢ እንደ ገበሬው ምርት ወቅት ይጠብቃል። ከጥምቀት በኋላ በጥር ወር ሠርግ ይበዛል፤ ማሲንቆም ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ ያድራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የክርስቲያኑ ሠርግ ስለሚቆም መሣሪያው ለ55 ቀናት ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲገባ መልሶ ይሰቀላል። የተገኘውም ገንዘብ ለአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይደለም። ማሲንቆ መቺው፣ ከበሮ መቺውና ዘፋኟ ይካፈሉታል። ባል እየመታ ሚስት የምትዘፍንባቸው ቤተሰቦችም አሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በውል ያልተወሰነ፣ ግንባር ላይ በሚለጠፍ ሽልማት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ የደከመ ቡድን በማለዳ የሚይዘውን አያውቅም።

ስለዚህ በጾምና በክረምት ቤተሰቡን የሚያኖረው ማሳው ነው። ማሳ የሌለው ግን መንገድ ለመንገድ ከመዞር ሌላ ምርጫ አይኖረውም። አዝማሪ በጥንቱ ሥርዓት፣ ልክ እንደ ቀጥቃጩና እንደ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሙያው እየተፈለገ ራሱ የሚናቅ ሰው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በበኩሉ መሬቱን በራሱ ጉልበት ለማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ እስከ 10 ሄክታር የማግኘት መብት ሰጥቶ ነበር። በሕጉ ዓይን ማሲንቆ መምታት ሰውን ከገበሬነት የሚያስወጣው አልሆነም።

ቃሉ የተፈራ ሰው

የማሲንቆ ተጫዋች ሥራው ማስጨፈር ብቻ አይደለም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የሚሰጠውን ግጥም ያወጣል፤ በሰምና ወርቅ ሹሙን ያወድሳል፣ ጥፋቱንም ይነግረዋል። የዚህን ቃል ኃይል ጠላት ሳይቀር ያውቀው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ግራዚያኒ በሕዝቡ መካከል የፋሺስቱን አገዛዝ መውደቅ ይናገራሉ ያላቸውን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየያዙ እንዲገድሏቸው አዝዞ ነበር።

በቡድን የመሥራት አብነት

ማሲንቆ መቺዎች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሲደራጁ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አሳይቷል። ቡድኑ በ1963 እ.ኤ.አ. በግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ በሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በተለያየ አካባቢ ለየብቻቸው ይመቱ የነበሩት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ጌታመሳይ አበበ በማሲንቆ፣ መላኩ ገላው በክራርና በዋሽንት ታወቁ፤ ተስፋዬ ለማ ለብዙ ዓመታት መራው። በሰላም ጓድነት መጥቶ ማሲንቆ የተማረው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተንም አብሯቸው ተጫውቷል። በ1969 እ.ኤ.አ. ቡድኑ አሜሪካን ዞሮ አሳየ። ገበሬው በደጁ የሚንቀው መሣሪያ ባሕር ተሻግሮ ተጨበጨበለት ማለት ነው። ዛሬ ማሲንቆ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

ተረካቢው ማን ነው?

አሁን ያለው ሥጋት ከንቀቱ ይልቅ ተረካቢ ማጣቱ ነው። የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የልብስ ስፌት ሥራው ለወጣቶች አዲስ የደመወዝ በር ከፍቶ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ሥራውን አቋረጠው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ሠርጉ ሁሉ ለቅሶ ሆኖ ከረመ። ወጣቱ በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አባቱ በሙያው ሲናቅና ክፍያ ሲለምን እያየ ያደገ ልጅ ማሲንቆውን አንስቶ ይይዛል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ለዚህም መፍትሔው ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ በቀበሌው ወይም በጣቢያው የሚኖር ማሲንቆ ተጫዋች በመሬትም ሆነ በእርዳታ ጉዳይ እንደ ማንኛውም አባል ሊቆጠር ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ለሠርግ የሚጠራው ቡድን ክፍያ አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢወሰንና ሽልማቱ በላዩ ቢጨመር አባላቱ የሚተማመኑበት ገቢ ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ ክረምት ከበጋ ሥራ በሚላላበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ልጆች ከአዋቂው ዘንድ እንዲማሩ ማድረግ ይቻላል፤ እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ ጭራውም በአገር አለ።

አራተኛው ግን ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ማሲንቆ መቺው በድግስ መካከል የማኅበሩን ሊቀ መንበር በግጥም ሲነካው፣ ሊቀ መንበሩ ከመቆጣቱ በፊት የተባለው እውነት መሆን አለመሆኑን ይመርምር። በስብሰባ ላይ ማንም ደፍሮ ያልተናገረው ቅሬታ ያን ዕለት በጭራ ተነግሮ ሊሆን ይችላልና።