ምዕራፍ 5፦ በደህና ቀን የሚወሰን

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡46 ላይ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አናወጣት። በኢሺኖማኪ ከተማ የሚገኘው የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ አልፈረሰም። መምህራኑም ልጆቹን ከየክፍላቸው አውጥተው ሜዳው ላይ ሰበሰቧቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ሄደ።

የከበደው ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነበር፤ ከሜዳው ወዴት? የትምህርት ቤቱ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ሁለተኛውን መሸሻ በአቅራቢያ ያለ ባዶ ቦታ፣ መናፈሻ ወይም መሰል ስፍራ ከማለት በቀር ስም አልጠራለትም። ርዕሰ መምህሩ በዕለቱ አልነበሩም። ከግቢው ጀርባ ልጆቹ ለትምህርት ብለው እንጉዳይ ያበቀሉበት ኮረብታ አለ። የአደጋ ካርታው ግን ትምህርት ቤቱን ሱናሚ ከሚደርስበት ክልል ውጭ አድርጎታል፤ እንዲያውም የአካባቢው ሕዝብ የሚጠለልበት ተብሎ የተመደበ ስፍራ ነበር። እንውጣ፣ እንቆይ ሲባል፣ ወላጆችም እየመጡ ልጆቻቸውን ሲረከቡ፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል አለፈ። ውሃው የደረሰባቸው ገና ከግቢው መንቀሳቀስ እንደጀመሩ ነው። 74 ልጆችና 10 መምህራን አለቁ።

ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ክስ መሠረቱ። የሴንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. የፈረደላቸውን ፍርድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2012 ዓ.ም. አጸናው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥፋቱን ፈልጎ ያገኘው ከሃምሳው ደቂቃ ርቆ፣ አደጋው ሊደርስ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ትምህርት ቤቱ መመሪያውን አርሞ የመሸሻውን ቦታና መንገድ ለይቶ መጻፍ፣ የትምህርት ቦርዱም ያንን አይቶ ማሳረም የነበረባቸው ያኔ፣ ምንም ባልተፈጠረበት ሰላማዊ ወቅት ነበር አለ።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በዚያ ፍርድ ውስጥ አለ። ለአደጋ መዘጋጀት ማለት የጭንቁን ቀን ውሳኔ በደህናው ቀን መጨረስ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ በሚያልፍባት አገር ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ደግሞ ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቅሎ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እሳቱ፣ ጎርፉና የሰፈር ግርግሩ ሲታከሉበት፣ ማንኛውም ትምህርት ቤት አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

የት እንሰብሰብ?

ኦካዋ ባለቀሰችበት ቀን፣ ከዚያው ጠረፍ በስተሰሜን ካማይሺ በምትባል ከተማ ሌላ ታሪክ ተሠራ። በካማይሺ ምሥራቅ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መብራት ስለጠፋ የድምፅ ማጉያው አልሠራም። ተማሪዎቹ ግን ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ወደተለማመዱበት ቦታ ሮጡ። አጠገባቸው ባለው የኡኖሱማይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው ነበር፤ ታላላቆቻቸው ሲሮጡ ሲያዩ ወርደው ተከተሏቸው። የተመደበው ቦታ ሲደርሱ ከጎኑ ያለው ገደል ሲናድ አዩና ወደ ከፍታው አለፉ፤ ከዚያም ጨምረው ወጡ። ውሃው ትምህርት ቤቶቹንም የመጀመሪያውን መሰብሰቢያም ዋጠ። ከ500 በላይ የሚሆኑት ልጆች ግን ተረፉ። የጉንማ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶሺታካ ካታዳ ከከተማዋ መምህራን ጋር ለዓመታት ሲሠሩ፣ ካርታ በግምት የተሳለ ነውና አትመኑት ብለው አስተምረዋቸው ነበር።

ስለዚህ መሰብሰቢያው ሁለት ይሁን፣ ሁለቱም ስም ይኑራቸው። የመጀመሪያው በግቢው ውስጥ ከሕንፃ፣ ከግንብ አጥርና ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ቦታ ነው። ሁለተኛው ከግቢ ውጭ ነው፤ የቀበሌ ሜዳ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ሊሆን ይችላል። ባለቤቶቹ አስቀድመው ይስማሙ፤ ልጆቹም አንድ ቀን በእግራቸው ይሂዱበት።

በየት በኩል እንውጣ?

በቻይና ሲቹዋን የሳንግዛኦ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዬ ዚፒንግ የተማሪ ብዛት ያሳሰባቸው ሰው ነበሩ። በሺሕ የሚቆጠር ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ ደረጃ ከተመመ፣ ከአደጋው ይልቅ መረጋገጡ ይገድላል። እናም ለየክፍሉ የሚወርድበትን ደረጃ መደቡ፤ ከፊት የተቀመጡት በፊት በር፣ ከኋላ ያሉት በኋላ በር እንዲወጡ ወሰኑ፤ በየደረጃው መታጠፊያ መምህር አቆሙ። ደካማውን የመማሪያ ሕንፃም ገንዘብ እየለመኑ አስጠገኑ። ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. ምድር ስትናወጥ ልጆቹ በመጀመሪያ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ ከዚያ ከ2,000 የሚበልጡት በ1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ሜዳው ላይ ነበሩ። አንድም ልጅ አልሞተም።

በእኛ ግቢዎች የተለመደው ችግር የሁለተኛው በር ነው። በሩ አለ፤ ግን በሰንሰለት ታስሯል፣ ቁልፉም ከአንድ ዘበኛ ኪስ አይወጣም። በሩ ለጥበቃ ሲባል መዘጋቱ ካልቀረ፣ የትምህርት ሰዓት እስኪያልቅ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በዊልቸር ወይም በክራንች የሚሄድ ተማሪ ካለም ማን እንደሚያግዘው በስም ይታወቅ፤ ክፍሉ ምድር ቤት ቢሆን ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

በምን ምልክት?

መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ደወል የአደጋ ደወል አይባልም። በዚህ ረገድ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ በብረት የሚመታው የድሮ መኪና ቸርኬ ከዘመናዊው ድምፅ ማጉያ ይበልጣል።

ምልክቱ ግን ሁለት ዓይነት መሆን አለበት። እሳት ሲነሣ መውጣት ያድናል፤ ከአጥሩ ውጭ ግርግር ወይም ተኩስ ሲኖር ግን መውጣት ለአደጋ ያጋልጣል፤ ያኔ በር ቆልፎ ከመስኮት ርቆ መቀመጥ ይሻላል። ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚመታ ደወል «ውጡ»፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እያረፈ የሚመታ ደግሞ «ግቡና ዝጉ» እንዲሆን መስማማት ይቻላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደወል አያስጠብቅም፤ ንዝረቱ ራሱ ምልክት ነው። እየተናወጠ ደረጃ ላይ መሮጥ አደገኛ ስለሆነ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ሲቆም መውጣት ነው።

ማን ያዛል?

ኅዳር 22 ቀን 1951 ዓ.ም. በቺካጎ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር እሳት ተነሣ። ጭሱን ያየች መምህርት ደወል ለማስደወል ርዕሰ መምህሯን ፍለጋ ሄደች፤ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ደወል አይነካምና። ርዕሰ መምህሯ ግን በታመመች መምህር ምትክ ሌላ ክፍል እያስተማሩ ስለነበር ቢሯቸው ባዶ ነበር። መምህርቷ በራሷ ውሳኔ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ደወሉ ሲደወል ጭሱ በክፍቱ ደረጃ ወጥቶ ሁለተኛውን ፎቅ ሞልቶት ነበር። ደወሉ ደግሞ ከእሳት አደጋ ብርጌዱ ጋር አልተያያዘም። 92 ተማሪዎችና 3 መነኮሳት ሞቱ።

እሳት ያየ ሁሉ ይደውል፤ ዘበኛ ይሁን የጽዳት ሠራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ልጅ። ይህ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጥ። ርዕሰ መምህሩ ከሌሉ ምክትሉ፣ እርሳቸውም ከሌሉ ዩኒት ሊደሩ እንዲያዙ ተራው ይለጠፍ። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለጠዋቱም ለከሰዓቱም የየራሱ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ከስልኩ አጠገብም ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፉ፤ በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ለማን እናስረክብ?

አደጋ እንደተሰማ ወላጅ ወደ በሩ ይጎርፋል። ይህ የማይቀር ስለሆነ እንደ እንግዳ ነገር ሊታይ አይገባም። ግርግሩ የአምቡላንሱን መንገድ ይዘጋል፤ ማን ማንን እንደወሰደ ሳይታወቅ የተወሰደ ልጅም እንደጠፋ ተቆጥሮ ሲፈለግ ይዋላል። ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር በወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሦስት ነገር ይወሰን፤ ርክክቡ በየትኛው በር እንደሚሆን፣ ከወላጅ ሌላ ልጁን ሊወስድ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ግቢው ራሱ አደገኛ ከሆነ ርክክቡ በሁለተኛው መሰብሰቢያ እንደሚካሄድ። መምህሩ ሲወጣ የስም መጥሪያውን ይዞ ይውጣ፤ ያስረከበውን ልጅ ስም ምልክት ያድርግበት።

አምስቱ መልሶች ከአንድ ገጽ አይበልጡም። የገጹን ትክክለኛነት የሚያሳየው ግን ልምምድ ነው፤ ልምምዱም እንዲከብድ ሆኖ ይዘጋጅ። ርዕሰ መምህሩ የሉም ይባል፤ ዋናው በር ተዘግቷል ይባል፤ አንድ ልጅ ሆን ተብሎ ከሰልፉ ይደበቅ፣ መጉደሉ በስንት ደቂቃ እንደሚታወቅም ይለካ። በመጀመሪያው ልምምድ ቁልፍ ይጠፋል፣ ሁለት ክፍል ደረጃ ላይ ይጋጫል፣ ደወሉ ላቦራቶሪ ውስጥ አይሰማም። እያንዳንዱ ጉድለት ማንም ሳይጎዳ የተገኘ ነውና ተጽፎ፣ የሚያስተካክለው ሰውና ቀኑ ተወስኖ፣ በሚቀጥለው ልምምድ እንደገና ይፈተሽ።