የሕፃናት የውድድር ዘመን ትኬትና የመገኘት ግዴታ፦ የእንግሊዝ ክለቦች ደንብ እንዴት ይሠራል?

በእንግሊዝ ታላላቅ የእግር ኳስ ክለቦች ለሕፃናትና ለታዳጊዎች በቅናሽ ዋጋ የሚሸጠውን የውድድር ዘመን ትኬት የያዘ ቤተሰብ፣ ትኬቱን በቀጣዩ ዓመት ለማሳደስ ልጁ ጨዋታዎችን በስታዲየም መከታተሉን የሚመለከቱ ደንቦችን ማክበር ይጠበቅበታል። የደንቦቹ ዝርዝር ከክለብ ክለብ ይለያያል። መነሻቸው ግን አንድ ሲሆን፣ ይኸውም በሕፃን ስም በቅናሽ በተሸጠ ወንበር ላይ መቀመጥ ያለበት ሕፃን ነው የሚል ነው።

መርሁ ለሰሚው ቀላል ቢመስልም አፈጻጸሙ ቀላል አይደለም። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ወደ ስታዲየም መሄድ አለመሄዱን የሚወስነው ራሱ አይደለም። የሚወስዱት ወላጆቹ ናቸው፤ የሚያስቀሩትም እነርሱ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ፣ ወይም ሕመም፣ አለዚያም የጨዋታውን ሰዓት የቀየረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ግዴታው በልጁ ስም ተጥሎ ሳለ ግዴታውን የሚፈጽመውም ሆነ የሚያጓድለው ሌላ አካል መሆኑ ደንቡን ከአዋቂዎች ደንብ የተለየ ያደርገዋል።

በፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች የሚወዳደሩ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን በሜዳው 19 የሊግ ጨዋታዎችን ያደርጋል። የውድድር ዘመን ትኬት እነዚህን 19 ጨዋታዎች በአንድ በተወሰነ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመመልከት መብት ይሰጣል። ከዚህም በላይ ለባለቤቱ ትልቅ ጥቅም የሚያስገኘው የማሳደስ ቅድሚያ መብት ነው። በአንዳንድ ክለቦች ትኬቱን ለማግኘት ስማቸውን አስመዝግበው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠሩ፣ አንዴ ከእጅ የወጣ ወንበር ተመልሶ የሚገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ጨርሶ ላይገኝም ይችላል።

በዚህ ምክንያት የሕፃናት ትኬት ለአንዳንድ ቤተሰቦች ከጨዋታ መመልከቻነት አልፎ የወደፊት ይዞታ ሆኗል። ልጁ ኳስ ባይወድም እንኳ ወንበሩ በስሙ ከተመዘገበ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ የአዋቂ ዋጋ እየከፈለ ሊቀጥል ይችላል። እስከዚያው ድረስ በወንበሩ ላይ አጎት፣ ጎረቤት ወይም የአባት የሥራ ባልደረባ ይቀመጥበታል፤ ወይም ወንበሩ ባዶውን ይቆያል። የመገኘት ደንብ የወጣው ይህን አሠራር ለማስቀረት ነው።

አዋቂ ሰው በሕፃን ትኬት እንዳይገባ የሚደረገው ቁጥጥር በመግቢያው በር ላይ ይጀምራል። በበርካታ ስታዲየሞች ካርዱ ወይም የእጅ ስልኩ ወደ ኤሌክትሮኒክ በሩ ሲጠጋ፣ ትኬቱ የቅናሽ መሆኑን ለአስተናባሪው የሚጠቁም የተለየ ቀለም ያለው መብራት ይበራል። አስተናባሪው በበሩ የሚያልፈው ልጅ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል። አንድ አዋቂ በልጁ ወንበር መግባት ቢፈልግ አስቀድሞ የዋጋውን ልዩነት ለክለቡ መክፈል አለበት። ይህን ሳያደርግ ከተገኘ በዕለቱ ከመመለሱ በተጨማሪ ትኬቱ በልጁ ስም የተመዘገበ በመሆኑ ቅጣቱም በልጁ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል።

ትኬትን በግል ለሌላ ሰው መስጠትም በሕግ የተገደበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 166፣ ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው የእግር ኳስ ትኬት መሸጡን ወይም በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ማስተላለፉን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሻሻል በኢንተርኔት የሚካሄደውን ሽያጭ በግልጽ እንዲያካትት ተደርጓል። ለቲያትር ወይም ለሙዚቃ ዝግጅት ትኬት በዚህ መልክ የወጣ ክልከላ የለም፤ የእግር ኳሱ የተለየው የተቃራኒ ክለብ ደጋፊዎች በአንድ ቦታ እንዳይቀላቀሉ ለመከላከል ሲባል ነው። ክለቦች ትኬት የሚተላለፍበትንና የሚመለስበትን የራሳቸውን መስመር ያዘጋጁት በዚሁ መነሻ ነው።

የደንቡ ዋነኛ ክፍል ግን የጨዋታዎች ቆጠራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት የቃላት ልዩነት አለ። አንዳንድ ደንብ ትኬቱ “ጥቅም ላይ እንዲውል” ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ “እንዲገኝ” ያዝዛል። ለምሳሌ አንድ ክለብ ከ19ኙ ጨዋታዎች ቢያንስ 10ሩን ግዴታ አድርጎ ቢያስቀምጥ፣ አንድ ልጅ 6 ጨዋታዎችን በአካል ተገኝቶ ቢመለከት፣ 3ቱን በክለቡ በኩል ለሌላ ልጅ ቢያስተላልፍና 2ቱን ክለቡ እንዲሸጥለት ቢመልስ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ደንብ 11 ጨዋታ ተቆጥሮለት ግዴታውን ተወጥቷል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ያለው 6 ብቻ ስለሆነ 4 ይጎድለዋል። ቤተሰቡ ያደረገው ነገር በሁለቱም ሁኔታ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተቃራኒ መሆኑ፣ የአንዲት ቃል አመራረጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ለሕፃናት ሲሆን የመጀመሪያው አገላለጽ የተሻለ ነው። ምክንያቱም የደንቡ ዓላማ ወንበሩ ባዶ እንዳይቀርና ሕፃን እንዲቀመጥበት ማድረግ ከሆነ፣ ልጁ ባልቻለበት ቀን ሌላ ልጅ መቀመጡ ዓላማውን ያሟላል። በአካል መገኘትን ብቻ የሚቆጥር ደንብ ግን ሳል ይዞት አልጋ ላይ የዋለን ልጅና ወንበሩን ለንግድ የሚያውልን አዋቂ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ልጆች በጨዋታ ላይ እንዳይገኙ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የጨዋታ ሰዓት ነው። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ45 እስከ 11 ሰዓት ከ15 ባለው ጊዜ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ የሚከለክል ነባር አሠራር አለ። ዓላማውም ተመልካቹ ወደ ስታዲየም እንዲሄድ ነው። በመሆኑም በቀጥታ የሚተላለፍ ጨዋታ ከተለመደው የቅዳሜ 9 ሰዓት ወጥቶ ወደ ሌላ ሰዓት ይዛወራል። እ.ኤ.አ. በ2025/26 የጀመረውና ለአራት ዓመታት የሚቆየው የ6 ነጥብ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የቴሌቪዥን ስምምነት በአንድ የውድድር ዘመን በቀጥታ የሚተላለፉትን ጨዋታዎች እስከ 270 አድርሷቸዋል። ሊጉ በዓመት የሚያካሂደው በጠቅላላው 380 ጨዋታ መሆኑ ሲታሰብ የለውጡ ስፋት ግልጽ ነው።

ሰኞ በአገሪቱ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ የሚያበቃው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። (በክረምታቸው ወራት ይኸው ጨዋታ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲጀምር ለሚመለከቱ ኢትዮጵያውያን ድካሙ እንግዳ አይደለም።) በማግስቱ ትምህርት ያለውን ልጅ እስከዚያ ሰዓት ስታዲየም ማቆየት ብዙ ወላጅ የሚመርጠው አይደለም። ትኬቱ የተገዛው ግን የጨዋታዎቹ ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ከመታወቁ በፊት ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን ምሽት የሚካሄዱ ጨዋታዎችን ለሕፃናት ከቆጠራው ውጭ ማድረግ፣ ወይም ለእነዚህ ቀናት ትኬት መመለስን እንደ መገኘት መቁጠር ፍትሐዊ ይሆናል።

ሌላው ከቆጠራው ጋር የሚጋጨው የደኅንነት ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው አደጋ ሕይወታቸውን ካጡት 97 ሰዎች መካከል በዕድሜ ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ከአደጋው በኋላ በዳኛ ቴይለር የተመራው ምርመራ ባቀረበው ምክር መሠረት የከፍተኛዎቹ ሊጎች ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ የወንበር እንዲሆኑ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት ሕግ መሠረት የአካባቢ አስተዳደር በሚሰጠው የምስክር ወረቀት የእያንዳንዱ ስታዲየም የተመልካች ጣሪያ ይወሰናል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። በአባቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ጨቅላ ጭምር ትኬት እንዲኖረው የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት እንጂ አንዳንዶች እንደሚያማርሩት ለገቢ ብቻ ተብሎ አይደለም።

ክለቦች ከተወሰነ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አጃቢ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ የዕድሜው ገደብ እንደየክለቡ ይለያያል። እንግዲህ አጃቢው ወላጅ ቢታመም ልጁ ብቻውን መግባት አይፈቀድለትም፤ ባለመግባቱ ደግሞ ጨዋታው ከቆጠራው ይጎድልበታል። አንዱ ደንብ የከለከለውን ሌላው ደንብ እንደ ጥፋት ሊቆጥር አይገባም። የልጁና የአጃቢው ትኬቶች በመዝገብ ተያይዘው፣ አጃቢው ወንበሩን ሲመልስ የልጁም አብሮ እንዲመለስ ማድረግ ችግሩን በቀላሉ ይፈታዋል።

የቴክኖሎጂ ለውጡም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ብዙ ክለቦች ከፕላስቲክ ካርድ ወደ እጅ ስልክ ትኬት ተሸጋግረዋል። የ7 ዓመት ልጅ ስልክ ስለማይኖረው የሁለቱም ትኬት በወላጁ ስልክ ላይ ይጫናል። ወላጁ በግርግር መካከል አንዱን ትኬት ሁለት ጊዜ ቢያስጠጋ፣ ወይም አስተናባሪው ልጁን በሌላ በር ቢያሳልፈው፣ ልጁ በወንበሩ ተቀምጦ ሳለ መዝገቡ “አልተገኘም” ሊል ይችላል። ይህ መዝገብ የአንድን ሕፃን እንቅስቃሴ በቀንና በሰዓት የሚያሳይ የግል መረጃ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት በአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ተጠብቆለታል።

የዕድሜ ቅናሹ ራሱ በሕግ የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ በአገልግሎት አሰጣጥ ረገድ የሚደረግን የዕድሜ መድልዎ የሚከለክለው 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ሲሆን፣ ለዕድሜ ክልል የሚደረግ ቅናሽም ከክልከላው ውጭ ነው። በሌላ በኩል የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ክለቦች ለራሳቸው አረጋውያንና ታዳጊ ደጋፊዎች የሚሰጡትን ቅናሽ ለእንግዳው ክለብ ደጋፊዎችም እንዲሰጡ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ደግሞ የውል ቃላት ግልጽና ፍትሐዊ እንዲሆኑ ስለሚጠይቅ፣ በሽያጩ ጊዜ ያልተነገረ የመገኘት ግዴታን በውድድሩ አጋማሽ ላይ መጫን ክለቡን ለክርክር ይዳርጋል።

ደጋፊዎች በዚህ ደንብ ላይ የሚያነሡት ጥርጣሬ መሠረት አለው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ለቀሪዎቹ ጨዋታዎች የሚሸጠውን የነጠላ ጨዋታ ትኬት ለሕፃናትም ሆነ ለአረጋውያን ያለ ቅናሽ 66 ፓውንድ አድርጎት ነበር። ቀደም ሲል ዋጋው ለአዋቂ ከ40፣ ለሕፃን ደግሞ ከ25 ፓውንድ ይጀምር ነበር። ውሳኔው ከደጋፊዎች ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው ሲሆን፣ ክለቡ በቀጣዩ የውድድር ዘመን የአዋቂዎችን የውድድር ዘመን ትኬት በ5 በመቶ ሲጨምር ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ዋጋ ባለበት አቆይቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከልጅ የተነጠቀ ወንበር ለሌላ ልጅ ይሰጣል ወይስ በአዋቂ ዋጋ ለጎብኚ ይሸጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የሕፃናት ወንበር ለሕፃናት ብቻ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ያላረጋገጠ ክለብ፣ የመገኘት ደንቡን ለልጆች ጥቅም አወጣሁ ቢል የሚያምነው አያገኝም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ሕፃናት የማረፍ፣ የመጫወትና በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ብሪታኒያም ሆነች ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮንቬንሽኑን ተቀብለዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በአገራችን በርካታ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ የመግቢያ ደንብ ማውጣት የክለብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራ ኃላፊዎችም ውሳኔ ይሆናል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 የባሕር ዳር ስታዲየምን ካገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን “የሜዳው” ጨዋታ በማላዊ ለማድረግ መገደዱ ይታወሳል። ስታዲየሞች ደረጃቸውን ጠብቀው ሲታደሱ ቁጥር ያለው ወንበርና የኤሌክትሮኒክ በር አብረው ይመጣሉ፤ በወንበሩ ላይ ማን በምን ዋጋ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄም እንዲሁ።

ደንቡን ያላሟላ ቤተሰብ በእንግሊዝ ክለቦች የሚገጥመው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ በማስጠንቀቂያ ይጀምራል፤ ከዚያም የማሳደስ መብትን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ክለቦች የልጁን መዝገብ በወላጁ የኢንተርኔት አካውንት የሚያሳዩ ከሆነ፣ ቆጠራውን ማመሳከርና የጎደለ ካለ የሕክምና ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ አያይዞ ማመልከት የሚበጀው ከማሳደሻው ቀነ ገደብ በፊት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ወንበሩ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ስለሚተላለፍ፣ አቤቱታው ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ የሚመለሰው ያው ወንበር ላይሆን ይችላል።