ሰፊ መስኮት ያለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲመረጥ አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመቀበያው መሣሪያ ከኋላው እንደ ሣጥን ያበጠ፣ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ ከባድ ዕቃ ነበር። ዛሬ በመርካቶም ሆነ በቦሌ መደብሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ግን ውፍረቱ ከጥቂት ጣቶች አያልፍም፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚደርስም አለ። መሣሪያው እየቀጠነ በሄደ መጠን የመምረጡ ነገር እየረቀቀ መጥቷል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ ካለ ወዲህ ደግሞ፣ ሳይመረምሩ ያስመጡት አንድ ኮንቴይነር ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ኪሣራ ከቀድሞው የከበደ ስለሆነ፣ አስመጪውም ባለሱቁም የዕቃውን ባሕርይ ጠንቅቆ ማወቅ ያሻዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው መጠኑ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የኢንች ቁጥር ከመስኮቱ አንድ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ የተለካ ነው፤ ብዙ ገዢዎች ግን የወርዱ ልክ አድርገው ይወስዱታል። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የባለ 43 ኢንቹ ወርድ 95 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ የባለ 55ቱ 122፣ የባለ 65ቱም 144 ይሆናል። ከ55 ወደ 65 መሄድ የዐሥር ቁጥር ልዩነት ብቻ ቢመስልም የመስኮቱ ጠቅላላ ስፋት ከመቶ 40 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ዋጋውና የማጓጓዣው ኪራይም ዐብረው ከፍ ይላሉ። ስለዚህ አስተዋይ ባለሱቅ ለደንበኛው አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ስንት ብር አስበዋል?» የሚል ሳይሆን «ከሶፋው እስከ ግድግዳው ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነው።

ይህን መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕሉ የሚሠራው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው መስኮት በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080፣ በድምሩም ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ነጥቦች አሉት፤ ፎር ኬ የሚባለው ደግሞ 3,840 በ2,160 ሆኖ ከስምንት ሚሊዮን ያልፋል፤ ይኸውም አራት እጥፍ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ የሰው ዐይን የመለየት ኃይሉ ወሰን አለው። ጤነኛ ዐይን ያለው ሰው በ43 ኢንች ፉል ኤችዲ መስኮት ላይ ነጥብን ከነጥብ ለይቶ ሊያይ የሚችለው ከ1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ግድም ሳይርቅ ሲቀመጥ ነው፤ በ55 ኢንቹ ላይ ደግሞ ከ2 ሜትር ከ20 ግድም ሳያልፍ። እንግዲህ በሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ለሚቀመጥ ቤተሰብ ትንሽ ፎር ኬ መሸጥ ደንበኛውን የማያየውን ነገር ማስከፈል ነው፤ ለእርሱ በዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለውን መውሰድ ይሻለዋል። በሥራ የሚያገለግለው ስሌት የኢንቹን ቁጥር ወደ ሳንቲ ሜትር መልሶ በ1.6 ማብዛት ነው፤ በዚህም ባለ 55ቱ ከ2 ሜትር ከ20፣ ባለ 65ቱ ከ2 ሜትር ከ60 ግድም ርቀት ደኅና ሆኖ ይታያል። ጣቢያው የሚልከው ሥዕል ራሱ ደካማ ከሆነ ግን መስኮቱ በሰፋ ቁጥር ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ይህንንም ለገዢው ከመሸጥ በፊት መንገር ከሸጡ በኋላ ከመከራከር ይቀላል።

በዚህ ንግድ ውስጥ ያለው ትልቁ ወጥመድ በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በላዩ በትልልቅ ፊደል ፎር ኬ ተብሎበት ይመጣል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን የፎር ኬ ፊልም ተቀብሎ 1,366 በ768 ነጥብ ባለው መስኮት አሳንሶ የሚያሳይ መሆኑ በደቂቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ዕቃው የሚቀበለው ሌላ፣ የሚያሳየው ሌላ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስመጪው በፕሮፎርማውና በኤል ሲው ሰነድ ላይ የሞዴሉ ሙሉ ቁጥርና የመስኮቱ የራሱ የነጥብ ብዛት 3,840 በ2,160 መሆኑ ተለይቶ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባዋል። ናሙናውን መፈተንም አያዳግትም፤ አንዱ የነጥብ መስመር ጥቁር፣ ቀጣዩ ነጭ እየተደረገ የተሠራ ሥዕል ከኮምፒዩተር በኤችዲኤምአይ ገመድ በሙሉ ልኩ ይላክና መስኮቱ በማጉያ መነጽር ይታያል። መስመሮቹ ተለያይተው ከቆሙ መስኮቱ እውነተኛ ነው፤ ተዋሕደው ግራጫ ከሆኑ አይደለም።

ስለ መስኮቱ ዓይነት የሚነገሩት ስሞች ብዙዎች ናቸው። ኤልኢዲ የሚባለው ከፈሳሽ ክሪስታል ገበታ በስተጀርባ ወይም በጠርዙ ጥቃቅን መብራቶች የተደረደሩበት ነው። ኪው ኤልኢዲም ከዚሁ ወገን ሆኖ ቀለሙን የሚያጠራ ሽፋን የተጨመረበት እንጂ ሌላ ፍጥረት አይደለም። ኦሌድ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራና ራሱ የሚጠፋ ስለሆነ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። አንድ የጣቢያ ዓርማ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ በሚታይበት ምግብ ቤት ወይም የሆቴል አዳራሽ ግን ኦሌድ አይመከርም፤ ዓርማው ውሎ አድሮ ጥላውን ሊተው ይችላልና። ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ በሚደረደርበት ሳሎንም አንድ ጉዳይ አለ። ቪኤ የሚባለው ገበታ ፊት ለፊት ለሚያየው ጥቁሩ የጠለቀ ሲሆን ከጎን ለተቀመጠ እንግዳ ቀለሙ ይገረጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ከጎን የተሻለ ነው።

ፕላዝማ የሚባለውን ዓይነት ታላላቆቹ ፋብሪካዎች እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ መሥራት ትተዋል፤ ያገለገለ ሆኖ ሲገኝም በአዲስ አበባ ሰዎች ሊገዙት አይገባም። በውስጡ የታሸገ ጋዝ ስላለ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በሆነበት ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የመጮኽ ጠባይ አለው።

ኤችዲአር የሚለው ምልክትም በርካሽ ዕቃ ላይ ትርጉሙ አነስተኛ ነው፤ ምልክቱን መቀበል አንድ ነገር፣ የሚጠይቀውን ብርሃን ማውጣት ሌላ ነገር ነው። የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ሲሆን አንድሮይድ የሚለው ስም ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ያላገኘ አንድሮይድ የተጫነበት መሣሪያ እንደ ኔትፍሊክስ ያሉትን የማይከፍትበት ጊዜ አለ። በሱቅ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊነት የበዛበት ደማቅ ሥዕልም ለመደብር መብራት የተስተካከለ ስለሆነ፣ ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ ወደ ቤቱ አቀማመጥ መመለስ አለበት።

የኤሌክትሪኩ ኃይል በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ የመሣሪያውን የኃይል ሰሌዳ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር ከቴሌቪዥኑ ጋር ዐብሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛውንም ራሱንም ይጠቅማል። የኃይል ሰሌዳና የመብራት ዘንግ በአገር ውስጥ ባለሙያ ሊለወጡ ይችላሉ፤ የተሰበረ መስኮት ግን ዋጋው ከአዲሱ መሣሪያ ብዙም ስለማያንስ ጥገናው አያዋጣም።

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆም እስከ መጋዘን ባለው መንገድ ሁሉ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሰፊ መስኮት የሚጓዘውም የሚከማቸውም ካርቶኑ ላይ ያለው ቀስት እንደሚያመለክተው ቆሞ ብቻ ነው፤ ተኝቶ ከተጫነ መስተዋቱ በራሱ ክብደትና በመንገዱ ንቅናቄ መኻሉ ላይ ይሰነጠቃል። የሚያስቸግረውም ካርቶኑ ከውጭ ምንም ሳይሆን ስብራቱ ከውስጥ መገኘቱ ነው። አስመጪው ኮንቴይነሩ ሲከፈት ከየረድፉ ጥቂት ካርቶኖችን አስነሥቶ መብራት ላይ ቢያስፈትሽ፣ የተሰበረውንም በዚያው ቀን በፎቶግራፍ ቢያስመዘግብ፣ የመድን ጥያቄውን በጊዜ ለማቅረብ ያስችለዋል። ስንት ነጥብ የሞተበት መሣሪያ እንደሚመለስ ደግሞ ገንዘቡ ሳይላክ ከፋብሪካው ጋር በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

ባለሱቁም በበኩሉ ዕቃውን ሲያስረክብ ገዢው ባለበት ከፍቶ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ገጽ በተራ ያሳየዋል፤ ተከታታይ ቁጥሩንም በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ካርቶኑንና በውስጡ ያለውን መደገፊያ ስፖንጅ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይጥለው ለገዢው ይነግረዋል፤ መሣሪያው ለጥገና ተመልሶ ቢመጣ ያለ እርሱ በደኅና አይጓዝምና።